ዲሚትሳና፤ መጻሕፍቷ ጥይት የተጠቀለለባቸው የተራራ መንደር

ስለ ግሪክ አገር ታሪክ ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ አቴንስና ስለ ስፓርታ፥ ስለ ፈላስፎቹና ስለ ጦር አለቆቹ ነው። ከእነዚህ ታላላቅ ከተሞች ርቀው በየተራራው ላይ የኖሩት ትንንሽ መንደሮች ግን በምንማርባቸው መጻሕፍት ውስጥ ስማቸው እንኳ አይነሣም። እኔም በዚህ ዓመት ለትምህርት ቤታችን መጽሔት አንድ ነገር እንድጽፍ ዕድል ስላገኘሁ፥ ሁሉ ከሚያውቃቸው ከተሞች ይልቅ ብዙ ሰው ስለማያውቃት ስለ አንዲት የተራራ መንደር ለአንባቢዎች ለመግለጽ አሰብሁ። ይህች መንደር ዲሚትሳና ትባላለች።

ስለ እርስዋ እንድመረምር ያነሣሣኝ አንድ አጭር ነገር ነው። ስለ ግሪኮች የነፃነት ጦርነት ሳነብ፥ ለጥይት መጠቅለያ የሚሆን ወረቀት በጠፋ ጊዜ የዲሚትሳና ትምህርት ቤት መጻሕፍት እየተቀደዱ ለጦሩ እንደ ዋሉ የሚናገር ቃል አገኘሁ። ነገሩ በሁለት መስመር ተነግሮ ያልፋል። በመጽሐፍ ፊት ተቀምጦ ለሚውል ተማሪ ግን እንዲህ ያለው ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ደግ አደረጉን? ወይስ አጠፉ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ከመስጠት በፊት መንደሪቱን ማወቅ ይገባልና ከዚያው እጀምራለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

ዲሚትሳና የምትገኘው ፔሎፖኔዝ በሚባለው በግሪክ ደቡባዊ ምድር መካከል፥ አርካድያ በተባለው አውራጃ ነው። ከአቴንስ እስከዚያ ድረስ ያለው የመኪና መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 950 ሜትር ያህል ነው። ይህን ቍጥር ያየ የአገራችን ሰው «ይህማ ቆላ ነው እንጂ ምኑ ተራራ ይባላል!» ማለቱ አይቀርም፤ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናትና። ነገር ግን የአየርን ጠባይ የሚወስነው ከፍታ ብቻ አይደለም። እኛ የምንኖረው ለምድር ወገብ ቀርበን ሲሆን ዲሚትሳና ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 37 ዲግሪ ተኩል ያህል ርቃ ትገኛለች። ስለዚህ በታኅሣሥና በጥር በረዶው እንደ ባዘቶ ጥጥ እየረገፈ ጣራውንና መንገዱን ይሸፍነዋል። ከመንደሪቱ በስተምሥራቅ 1,981 ሜትር የሚደርሰው የሜናሎ ተራራ ጥድ ለብሶ ቆሞአል። በስተምዕራብ ደግሞ ሉስዮስ የሚባለው ወንዝ በጥልቅ ገደል ውስጥ እየተምዘገዘገ ይወርድና አልፌዮስ ከተባለው ትልቅ ወንዝ ጋር ይገናኛል። ቤቶቹ ከዚያው ከተራራው በተፈለጠ ድንጋይ የታነጹና ፎቅ ያላቸው ናቸው። መሬቱ ተዳፋትና ድንጋያማ ስለ ሆነ ለእርሻ አይመችም። ሰዎቹ እህል እንደ ልብ የማይበቅልበትን አገር ይዘው እንዴት እንደ ኖሩ ወደ ኋላ እንደምናየው፥ መልሱ ከዚያው ከገደሉ ውሃ ይገኛል።

የአርካድያ ሰዎች በጥንት ዘመን ከሌሎቹ ግሪኮች ሁሉ በፊት በምድሪቱ እንደ ኖሩ ይናገሩ ነበር። እንዲያውም «ከጨረቃ በፊት የነበርን ነን» እስከ ማለት ደርሰዋል! ይህ ትምክሕት ነው እንጂ ታሪክ አይደለም፤ ቢሆንም ሰው ስለ አገሩ ጥንታዊነት ሲናገር እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ያሳያል።

ስለ መንደሪቱ የጥንት ዘመን የሚበልጠውን የነገረን ጳውሳንያስ የተባለ መንገደኛ ነው። ይህ ሰው በ2ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ የግሪክን አገር እየተዘዋወረ ያየውንና የሰማውን በ10 መጻሕፍት ጽፎአል። ስምንተኛው መጽሐፍ ስለ አርካድያ የሚናገር ነው። በዚያም ቴውቲስ ስለምትባል መንደር ሲጽፍ፥ ቀድሞ ከተማ እንደ ነበረችና በእርሱ ዘመን ግን መንደር ብቻ ሆና እንዳገኛት ይገልጻል። የዛሬዎቹ ሊቃውንት ዲሚትሳና የተሠራችው በዚህች በጥንታዊቱ ቴውቲስ ላይ ነው ይላሉ። በኮረብታው ላይ በቤቶቹ መካከል የጥንቱ ቅጥር ታላላቅ ድንጋዮች እስካሁን ይታያሉ።

ጳውሳንያስ ከመንደሪቱ ሰዎች የሰማው ተረት እንዲህ ነው። ግሪኮች ወደ ትሮያ ሊዘምቱ አውሊስ በተባለው ወደብ ተሰብስበው ሳለ፥ መርከባቸውን የሚነዳ ነፋስ ጠፍቶ ብዙ ቀን ቆሙ። የአርካድያን ሰዎች ከመሩት አለቆች አንዱ የሆነው ቴውቲስ በዚያ ከንጉሡ ከአጋሜምኖን ጋር ተጣላና ሰዎቹን ይዞ ወደ አገሩ ለመመለስ ተነሣ። በዚህ ጊዜ አቴና የምትባለው አምላካቸው ሜላስ የሚባል ሰው መስላ እንዳይመለስ ልትከለክለው መጣች። እርሱ ግን ቍጣው ገና አልበረደምና ጭኗን በጦር ወጋትና ሄደ። ቤቱ በደረሰ ጊዜ አምላኪቱ ቍስሏን እንደ ያዘች ተገለጠችለት። ከዚያ ወዲያ የሚያከሳ በሽታ ያዘው፥ በአርካድያም ምድር ከሌላው ስፍራ ሁሉ ተለይታ የእርሱ አገር ፍሬ ማፍራት ተወች። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ሕዝቡ ዶዶና ወደሚባለው የንግርት ስፍራ ልከው ቢጠይቁ፥ የሚያበርዱት መሥዋዕት ተነገራቸው፤ ጭኗ የቆሰለ የአቴና ምስልም አሠርተው አቆሙ። ጳውሳንያስ ይህን ምስል በዓይኑ እንዳየና ጭኑ በሐምራዊ ጨርቅ ተጠቅልሎ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

እኔ ይህን ተረት በጣም ወደድሁት። ሌሎች ከተሞች ስለ መሥራቾቻቸው ሲናገሩ ጀግንነታቸውንና ድላቸውን ይዘረዝራሉ። የቴውቲስ ሰዎች ግን ስማቸውን የወረሱት ከዘመቻ ተጣልቶ ከተመለሰ፥ በዚያም ላይ አምላኩን ካቆሰለ ሰው ነው። ነውሩንም አልሸሸጉትም፤ ምስል አሠርተው፥ በሐምራዊ ጨርቅ ጠቅልለው፥ ለመንገደኛ ያሳዩት ነበር።

ከተማይቱ ወደ መንደርነት የወረደችበትም ምክንያት በታሪክ የታወቀ ነው። በ371 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የቴቤስ ሰዎች ሌውክትራ በተባለ ስፍራ ስፓርታን ድል ነሡ። ከዚህ በኋላ አርካድያውያን ስፓርታን የሚመክት አንድ ታላቅ ከተማ ለማቆም ተስማሙና ሜጋሎፖሊስን፥ ማለትም «ታላቂቱን ከተማ» መሠረቱ። ሰው ለመሙላትም በየተራራው ያሉት ትንንሽ ከተሞች ነዋሪዎቻቸውን እንዲሰጡ ተደረገ። ከእነዚህ አንዷ ቴውቲስ ነበረች። አንዳንዶቹ በፈቃዳቸው ወረዱ፤ አንዳንዶቹም አንሄድም ብለው ብዙ መከራ ደረሰባቸው። እንግዲህ የዚያን ዘመን መንደር ስናይ ገና ያላደገ ከተማ ነው ብለን ከመገመታችን በፊት፥ ሰዎቹ ተወስደውበት የቀረ ከተማ ሊሆን እንደሚችል ማስታወስ ይገባናል።

ቴውቲስ የሚለው ስም ከዚያ ወዲያ ጠፋ። ዲሚትሳና የሚለው ስም በጽሑፍ የሚገኘው በ963 ዓ.ም. ፊሎሶፉ ስለ ተባለው ገዳም በተጻፈ ሰነድ ነው። ቋንቋ የሚመረምሩ ሰዎች ስሙን የስላቭ ቋንቋ ነው ይሉታል፤ ስላቮች በ6ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት ወደ ግሪክ ምድር ገብተው በፔሎፖኔዝም ሰፍረው ነበርና። ስለዚህ አንድ ሰው «ጥንታዊ ሥር ያላት መንደር» ቢል፥ ከትሮያ ዘመን ጀምሮ አንድ ዓይነት ደም ያለው ሕዝብ በአንድ ስፍራ ተቀምጦ ኖረ ማለት እንዳይመስለን። ድንጋዩ ጥንታዊ ነው፥ ውሃውና መንገዱም ጥንታዊ ናቸው። ሰዎቹ ግን መጥተዋል፥ ሄደዋል፥ ተቀላቅለዋል። ይህ መንደሪቱን የሚያሳንሳት ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ብዙ ዘመን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ፔሎፖኔዝ በ1460 ዓ.ም. በኦቶማን ቱርኮች እጅ ወደቀ። በመካከል ጥቂት ዓመታት ቬኔዝያውያን ቢገዙትም ከ1715 ዓ.ም. ጀምሮ ተመልሶ ለቱርኮች ሆነ። በዚህ ዘመን በዲሚትሳና ሁለት ነገሮች አብረው አደጉ፤ አንዱ ትምህርት፥ ሁለተኛው ባሩድ ነው።

ትምህርት ቤቱ የተመሠረተው በ1764 ዓ.ም. ነው። መሥራቾቹ አጋፒዮስና ጌራሲሞስ የተባሉ ሁለት መነኵሴዎች ነበሩ። ከትምህርት ቤቱም ጋር ቤተ መጻሕፍት አብሮ ተቋቋመ፤ መጻሕፍቱም ከዓመት ወደ ዓመት እየበዙ ሄዱ። በግሪክ አገር ብዙ ሰው የሚያወራው አንድ አፈ ታሪክ አለ፤ ይኸውም ቱርኮች ትምህርትን ስለ ከለከሉ ልጆች በሌሊት በጨረቃ ብርሃን በየገዳሙ ዋሻ ተደብቀው ይማሩ ነበር የሚል ነው። በሉስዮስ ገደል ላይ ተለጥፎ የሚታየው አሮጌው የፊሎሶፉ ገዳምም ከእነዚህ የስውር ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው ይባላል። ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ለዚህ ነገር በቂ ማስረጃ አላገኙም። እንደ ዲሚትሳና ያለ ትምህርት ቤት በግልጽ ቆሞ ያስተምር ከነበረ፥ የስውሩ ታሪክ ከእውነቱ ይልቅ ለዘፈን የሚመች ይመስለኛል።

ከዚህች ትንሽ መንደር የወጡ ሁለት ሰዎች በግሪክ ታሪክ እጅግ የታወቁ ናቸው። አንደኛው በ1746 ዓ.ም. ገደማ የተወለደው ጎርጎርዮስ 5ኛ ነው። የመጀመሪያ ትምህርቱን በትውልድ መንደሩ ተምሮ ኋላ ሦስት ጊዜ የቍስጥንጥንያ ፓትርያርክ ሆነ። ሁለተኛው በ1771 ዓ.ም. የተወለደው የፓትራስ ሊቀ ጳጳስ ጌርማኖስ ነው። ጌርማኖስ የአመፁን ሰንደቅ ዓላማ በአግያ ላቭራ ገዳም እንደ ባረከ ይነገራል፤ ቭሪዛኪስ የተባለው ሠዓሊ በ1865 ዓ.ም. የሣለው ሥዕልም ይህን ነገር በሰው ልብ አተመው። ታሪክ መርማሪዎች ግን በዚያ ቀንና በዚያ ስፍራ እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም ይላሉ። ከአመፁ መሪዎች አንዱ መሆኑን ግን የሚክድ የለም። ጎርጎርዮስ ደግሞ አመፀኞቹን አውግዞ ነበር። ይህም ሆኖ ሱልጣን ማሕሙድ 2ኛ በ1821 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት በመንበረ ፓትርያርኩ በር ላይ አሰቀለው። ያ በር እስከ ዛሬ ድረስ ተዘግቶ ይኖራል። የአንድ መንደር ልጆች ሆነው አንዱ አመፁን መረቀ፥ ሌላው አወገዘ፤ በገመድ የሞተው ግን ያወገዘው ነው። ይህን ነገር ደጋግሜ ባስበውም ልቤ አላረፈም።

አሁን ወደ ባሩዱ እንምጣ። ለእርሻ የማይመቸው ተዳፋት ለውሃ ሥራ ግን እጅግ የተመቸ ነው። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው፥ የሚወርድ ውሃ ኀይል የሚለካው በሚወርደው ውሃ ብዛትና በሚወርድበት ከፍታ ነው። ለምሳሌ በየሴኮንዱ 100 ሊትር ውሃ ከ5 ሜትር ከፍታ ቢወርድ 4,900 ዋት ይሰጣል። አሮጌ የእንጨት መዘውር ከዚህ ግማሹን ያባክነዋል ብንል እንኳ 2,450 ዋት ይቀራል። አንድ ሰው ሳያርፍ ሲሠራ የሚሰጠው ኀይል 75 ዋት ያህል ስለ ሆነ፥ ያ አንድ መዘውር ከ30 የሚበልጡ ሰዎችን ሥራ ይሠራል ማለት ነው። በዚያም ላይ ሌሊቱን ሙሉ አይደክምም፥ ቀለብም አይጠይቅም። የዲሚትሳና ሰዎች ይህን በቍጥር ሳይሆን በልምድ አውቀውት፥ ከምንጩ የወረደውን ውሃ በቦይ እየጠለፉ እህል ይፈጩበት፥ የሱፍ ብርድ ልብስ ያጥቡበት፥ ቆዳ ያለፉበት፥ ባሩድም ይወቅጡበት ነበር። ከአንዱ ቤት የወጣው ውሃ ወደ ታችኛው ቤት ገብቶ ሌላ ሥራ ይሠራል።

ባሩድ የሚሠራው ከሦስት ነገሮች ነው። ከመቶ 75 እጅ ያህሉ የባሩድ ጨው፥ 15ቱ ከሰል፥ 10ሩ ድኝ ነው። ከሰሉ የሚነደው ነው። የባሩዱ ጨው በኬሚስትሪ ፖታስየም ናይትሬት የሚባለው ሲሆን፥ በውስጡ የያዘውን ኦክስጅን ለእሳቱ ስለሚሰጥ ባሩድ የውጭ አየር ሳያስፈልገው በተዘጋ ብረት ውስጥ እንኳ ይነዳል። ድኙ ደግሞ እሳቱ ቶሎ እንዲይዝ ያደርጋል። ከእነዚህ ሁሉ ለማግኘት የሚያስቸግረው የባሩዱ ጨው ነበር። በድሮው ዘዴ በጎችና ፍየሎች ካደሩበት በረትና ዋሻ የተዛቀው አፈር በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው ይጠለላል፤ የእንጨት አመድ ይጨመርበትና በጋን ይፈላል፤ ሲቀዘቅዝ ጨዉ እንደ መርፌ ሆኖ ይረጋል። ኬሚስትሪን በደረቅ ጥቍር ሰሌዳ ላይ ብቻ ለሚያውቅ እንደ እኔ ላለ ተማሪ፥ የፍየል በረት ጥራጊ የአንድ አገር ነፃነት መሣሪያ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

ሦስቱ ነገሮች ከተመጠኑ በኋላ ወደ ሙቀጫ ይገባሉ። የውሃው መዘውር ረጅም ግንድ ያዞራል፤ በግንዱ ላይ የተሰኩት የእንጨት ጥርሶች ዘነዘናዎቹን በየተራ እያነሡ ይለቋቸዋል፤ ዘነዘናዎቹም በራሳቸው ክብደት እየወደቁ ይወቅጣሉ። ብረት ከድንጋይ ቢጋጭ እሳት ስለሚፈነጥቅ ይህን እጅግ ይጠነቀቃሉ፤ የሚወቀጠውም ነገር እንዳይነድ ውሃ እየተረጨበት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ከተወቀጠ በኋላ በወንፊት እየተነፋ እንደ ጥራጥሬ ይደረግና በፀሐይ ይደርቃል። ደቃቅ ዱቄት ሆኖ ቢቀር እሳቱ በመካከሉ ለማለፍ ይቸግረዋል፤ ጥሬ ጥሬ ከሆነ ግን ነበልባሉ በቀዳዳው ሁሉ ስለሚሮጥ በአንድ ጊዜ ይነዳል።

በ1814 ዓ.ም. በኦዴሳ ከተማ የግሪኮችን ነፃነት የሚያዘጋጅ «የወዳጆች ማኅበር» የተባለ ስውር ማኅበር ተቋቋመ። በዲሚትሳና ስፒሊዮቶፑሎስ የሚባሉ ወንድማማቾች ጦርነቱ ሳይጀመር ባሩድ በብዛት እንዲዘጋጅ አደረጉ። አመፁ በ1821 ዓ.ም. በተነሣ ጊዜ በመንደሪቱ 14 የባሩድ ወፍጮዎች ይሠሩ ነበር። የፔሎፖኔዝ ጦር አለቃ የነበረው ቴዎዶሮስ ኮሎኮትሮኒስ በ1836 ዓ.ም. ታሪኩን ለቴርቼቲስ ሲነግር፥ ባሩድ እንዳላጡና የምትሠራላቸውም ዲሚትሳና እንደ ነበረች ተናግሮአል። መጻሕፍቱ ለጥይት መዋላቸውንም የነገረን ይኸው ሰው ነው።

ባሩድ ካለ ወረቀት ለምን አስፈለገ? የሚል ቢኖር መልሱ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ጠመንጃ የሚጎርሰው በአፈሙዙ በኩል ነበር። በውጊያ መካከል ባሩድ መመጠን ስለማይቻል፥ ለአንድ ተኩስ የሚበቃው ባሩድና አንድ የእርሳስ ዐረር አስቀድሞ በወረቀት ይጠቀለላል። ወታደሩ ወረቀቱን በጥርሱ ቀድዶ ባሩዱን ያፈስሳል፥ ዐረሩንም ከነወረቀቱ በዘንግ ይጠቀጥቃል። ወረቀት ከሌለ ባሩዱ ሞልቶ ተርፎ እያለ ጠመንጃው ይዘገያል፤ በውጊያ መዘግየት ደግሞ መሞት ነው። ባሩዱን ከበረት አፈርና ከወንዝ ውሃ ማግኘት ይቻላል፤ ወረቀት ግን በዚያ ተራራ ላይ ከየት ይመጣል? በብዛት የሚገኘው በአንድ ቤት ብቻ ነበር።

እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ቅጠል ወረቀት አንድ ጥይት ይጠቅልል እንበል። 300 ቅጠል ያለው መጽሐፍ 300 ተኩስ ይሆናል። አንድ ወታደር በአንድ ቀን ውጊያ 30 ጊዜ ቢተኩስ፥ ያ መጽሐፍ ለ10 ሰዎች አንድ ቀን ይበቃል። አንድ ሊቅ ብዙ ዓመት ደክሞ የጻፈው፥ አንድ ነጋዴ ከባሕር ማዶ በመርከብና በበቅሎ ያመጣው፥ አንድ ተማሪ በሻማ ያጠናው መጽሐፍ ለ10 ሰዎች አንድ ቀን!

በዚህ ነገር ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል። የሚበዙት «ነፃነት የሌለው ሕዝብ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል? አገር ከተገኘ መጽሐፍ እንደ ገና ይታተማል» አሉ። አንዱ ግን «በመጽሐፉ የተጠቀለለው ዐረር የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀና ሁላችንም ዝም አልን። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚያው በ1821 ዓ.ም. በመጸው ግሪኮች ትሪፖሊትሳ የተባለችውን የአውራጃውን ዋና ከተማ በያዙ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ እስላሞችና አይሁድ፥ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፥ ተገድለዋል። ኮሎኮትሮኒስም ከከበቡት አለቆች አንዱ ነበር። ስለ ዲሚትሳና ባሩድ በኩራት የሚጽፉ ሰዎች ይህን ነገር ዘለው ያልፋሉ፤ እኔ ግን መዝለሉ ትክክል ሆኖ አልታየኝም። ከተማይቱ ከመንደሪቱ የምትርቀው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። የታተመ መጽሐፍ ቢጠፋ ወንድሙ በሌላ አገር ይገኛል፤ በቬኔዝያ የታተመው መጽሐፍ በዲሚትሳና ቢቀደድ በሌላ ስፍራ ሊነበብ ይችላል። በእጅ የተጻፈው ግን ወንድም የለውም፤ እርሱ ሲቀደድ በውስጡ ያለው ቃል ከዓለም ይጠፋል። ስለዚህ እኔ በዚያን ቀን የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂ ብሆን ኖሮ፥ የታተሙትን በገዛ እጄ እየቈጠርሁ እሰጥ ነበር፤ በእጅ የተጻፉትን ግን በገደሉ ውስጥ ካሉት ገዳማት በአንዱ እሸሽጋቸው ነበር። በርግጥ ይህን የምለው በሰላም ተቀምጬ ነው። ጥይት አልቆበት የሚጮኽ ወንድም በበሩ ለቆመበት ሰው መጻሕፍትን መለየት ቀላል አይሆንም፤ ከሩቅ ሆኖ መፍረድ ግን ለማንም አይከብድም። ሌላም ልንዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። መጻሕፍቱን ያጡት የመጽሐፍን ዋጋ የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም። ለ60 ዓመት ያህል ልጆቻቸውን ያስተማሩባቸው፥ መንደሪቱን በግሪክ አገር ሁሉ ያስጠሩላት እነዚያው መጻሕፍት ናቸው። በየገበያው የሚቀደድ ወረቀትና እነዚያ ቅጠሎች አንድ አልነበሩም።

የግሪክ ነፃነት በታላላቆቹ መንግሥታት ዘንድ በ1830 ዓ.ም. ከታወቀ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ከተረፉት ጥቂት መጻሕፍትና ከአዲስ ስጦታ እንደ ገና ተቋቋመ። ዛሬ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት አሉበት፤ በእጅ የተጻፉም ይገኙበታል። የመንደሪቱ ሰዎች ግን በዚያው ልክ አልበዙም። በ20ኛው መቶ ዓመት እንደ ሌሎቹ የአርካድያ መንደሮች ሁሉ ብዙዎቹ ወደ አቴንስና ወደ አሜሪካ ስለ ተሰደዱ፥ ዛሬ ነዋሪዎቿ ጥቂት መቶ ብቻ ናቸው። በበዓል ቀንና በበረዶ ጊዜ ከከተማ የሚመጡ እንግዶች መንገዱን ይሞሉታል። የፓትርያርኩ የጎርጎርዮስ ቤት የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የሚታይበት ቤተ መዘክር ሆኖአል።

ከመንደሪቱ ጥቂት ወጣ ብሎ ደግሞ በ1997 ዓ.ም. የውሃ ኀይል ቤተ መዘክር ተከፍቶአል። ጣራ የለበሰ አዳራሽ ብቻ አይደለም፤ ቦዮቹ፥ የእህል ወፍጮው፥ ቆዳ የሚለፋበት ቤትና የባሩዱ መውቀጫ በየቦታቸው ታድሰው በምንጩ አጠገብ ይገኛሉ። ውሃው ሲለቀቅ መዘውሩ ይዞራል፥ ዘነዘናዎቹም በየተራ እየተነሡ ይወድቃሉ። በሙቀጫው ውስጥ ግን ባሩድ የለም። ጐብኚዎች ቆመው ያዩታል፤ ልጆችም የዘነዘናውን ድምፅ ይቈጥራሉ። ከዚያም ውሃው ቦዩን ተከትሎ ወደ ሉስዮስ ይወርዳል።